ክርክር፦ ሶላር ብቻ ወይስ ነፋስም ይታከልበት?

ጥያቄው ይህ ነው። የመብራት መስመር ላልደረሰበት የደጋ ቤት፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ እንበል፣ ሶላር ብቻውን ይበቃል? ወይስ ባትሪውን የሚሞላ ትንሽ የነፋስ ማመንጫ ይጨመርበት? የሚከራከሩት የኤሌክትሪክ መምህርና ሶላር የሚሸጥና የሚገጥም ባለሱቅ ናቸው።

መምህሩ፦ ሶላር ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሰማዩን ሲዘጋው ፓኔሉ ዝናብ ይመታው እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ነፋስ ግን ሌሊት አይተኛም። የመኪና ዳይናሞ፣ ከፒቪሲ ቱቦ የተቀረጹ ክንፎች፣ ረጅም ምሰሶ፣ በቃ። ማላዊው ዊልያም ካምክዋምባ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ሳለ በብስክሌት ዕቃ ቤቱን አብርቷል። እኛ ምን ጎድሎን ነው?

ባለሱቁ፦ መምህር፣ ነፋስ ሌሊት አይተኛም ነው ያሉት? በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚመታን እኮ ነፋስ በሌለበት ጥርት ባለ ሌሊት ነው። ገበሬውን ይጠይቁት። ደግሞ የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። 400 ዋት ተብሎ የሚሸጠው፣ ነፋሱ በሰከንድ 12 ሜትር ሲሮጥ ነው። በ4 ሜትር 15 ዋት ገደማ ነው። እዚህ ከ2,700 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ስስ ነው፤ ሩብ ያህሉን ይቀንሱ። የመኪና ዳይናሞም በደቂቃ ሺህ ዙር አካባቢ ካልደረሰ አይሞላም። የቱ ክንፍ ነው እንደዚያ የሚሽከረከረው?

መምህሩ፦ አንድ ስምንተኛዋን የማስተምረው እኔው ነኝ፤ አመሰግናለሁ። ዳይናሞውን ተወው፣ ማግኔት ያለው ጄኔሬተር በትንሽ ዙር ይሠራል። አዳማና አሸጎዳ የቆሙት ትልልቅ የነፋስ ማመንጫዎች ለጌጥ ነው? አሸጎዳ ብቻውን 120 ሜጋ ዋት ነው! የክረምቱን ጨለማ ደግሞ አልመለስክልኝም።

ባለሱቁ፦ አሸጎዳን ስላነሱልኝ ደስ ብሎኛል። መንግሥት ነፋስን የሚፈልገው በበጋ የግድብ ውኃ ሲቀንስ ነፋሱ ስለሚበረታ ነው። በበጋ! ፀሐይ በምትትረፈረፍበት ጊዜ። ታዲያ የማይተኛው ነፋስዎ ክረምት ላይ የት ሄደ? ለደመናው ሁለተኛ ፓኔል ይጨመር። የሚሽከረከር ነገር የለው፣ የሚሰበር ነገር የለው።

መምህሩ፦ «ሁለተኛ ፓኔል» የነጋዴ መልስ ነው። የምትሸጠው አንተ ስለሆንክ አልፈርድብህም። ግን ከውጭ የመጣ ዕቃ ሲበላሽ ገበሬው ያንተን ሱቅ ደጅ ይጠናል። ተማሪዎቼ በእጃቸው የሠሩትን ራሳቸው ይፈቱታል፣ ራሳቸው ይገጥሙታል። እኔ የምከራከረው ለዚህ ነው እንጂ ለዋት አይደለም።

ባለሱቁ፦ አሃ! ዋቱ ቀረ ማለት ነው? እሺ፣ ወደ እጅ ሥራው እንሂድ። ሶላር፣ ባትሪው ሲሞላ ቢቆረጥ ምንም አይሆንም። የነፋስ ማመንጫ ግን ጭነቱን፣ ማለትም ኃይሉን የሚወስደውን ባትሪ፣ ሲነሱት ልጓም እንደበጠሰ ፈረስ ነው፤ ክንፉን በትኖ ያርፋል። ትርፉን ኃይል የሚያቃጥል ሬዚስተር ይፈልጋል። ከምሰሶ ላይ በሚወድቅ ክንፍ ሥር የሚጫወቱት የማን ልጆች ናቸው?

መምህሩ፦ እርስዎ ከሙያ ወጥተው ሰው ወደ መንካት ገቡ። ሬዚስተሩን የማላውቅ አስመሰሉኝ። እኔም ልጠይቅዎ። በየቤቱ የሚገጥሙት ባትሪ የምን ነው? የመኪና! እሱ ሞተር ለማስነሳት የተሠራ ነው፤ በየማታው እያሟጠጡት አይከርምም። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ብለው ሲሸጡ 1,200 ዋት ሰዓት መስሎት ይገዛዎታል። እንዲቆይለት ከፈለገ ግን ከግማሹ በላይ መንካት እንደሌለበት ይነግሩታል? ሌሊት ነፋሱ ትንሽ ቢጨምርበት ኖሮ ባትሪው እንደዚያ ባልተሟጠጠ።

ባለሱቁ፦ ባትሪ የሚመርጠው ገዢው ነው፣ የሚመርጠውም ርካሹን ነው። የምሰሶውንና የሬዚስተሩን ገንዘብ ይስጡት፣ የሊቲየም ባትሪ እገጥምለታለሁ። «ትንሽ ቢጨምርበት» ያሉት ግን በሰከንድ ስንት ሜትር ነው? እስካሁን አልነገሩኝም።

መምህሩ፦ ምሰሶው ሲቆም መጥተው ይለኩታል። ተማሪዎቼ የጄኔሬተሩን ሽቦ መጠቅለል ጀምረዋል፤ የእርስዎን ፈቃድ አልጠበቁም።