ሚጥሚጣ ላሳደገው ሰው ስኳር?

ባንኮክ ድረስ ሄጄ አልጫ በላሁ። እውነቴን ነው።

የታይላንድ ምግብ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ማቃጠሉ አይደል? እኔም አፌን አዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ያዋራት በሚባለው የቻይናዎች ሰፈር ማታ መንገድ ዳር ተቀምጬ ሶም ታም አዘዝኩ። ጥሬ ፓፓያ ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሎሚና ከዓሣ ሶስ ጋር በሙቀጫ የሚወቀጥ ሰላጣ ነው። የሙቀጫው ድምፅ ብቻ እናቴን አስታወሰኝ። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝና የውጭ ሰው መሆኔ ገባት። ከዚያ አንዲት ሚጢጢ ቃሪያ ጣል! ስኳሩን ግን በማንኪያ ሙሉ። ከረሜላ በላሁ በሉት።

“ፔት ማክ” ማለት በጣም የሚያቃጥል ማለት ነው። ሆቴል ውስጥ ስለማመደው ነው ያደርኩት። ስናገረው ይስቃሉ፤ ያው አልጫ ይመጣል። ኧረ እኔ በሚጥሚጣ ያደግኩ ሰው ነኝ! ጎኔ የተቀመጠው የአገሬው ሰው ላቡን እየጠረገ ይበላል። ቅናት ሊገድለኝ።

ቅዳሜ ቻቱቻክ ገበያ ሄድኩ። ግፊያው መርካቶን ያስንቃል፣ ሙቀቱ ደግሞ አይወራ። እዚያም ያው ነው፤ ፊቴን አይተው ቃሪያውን ይቀንሳሉ።

በመጨረሻው ቀን አንድ ኑድል ቤት ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ አራት ዕቃዎች ተደርድረዋል፦ ስኳር፣ የዓሣ ሶስ፣ ቃሪያ የተዘፈዘፈበት ኮምጣጤ፣ እና የተፈጨ በርበሬ። በርበሬ! ለካ ኑድል ቤት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ አንድ ሰው እንኳን አይነግረኝም?