ይድረስ ውሃ ለማያነሳው ቦይ

ለተከበርከው የቴምዝና ሰቨርን ቦይ
ግሎስተርሻየር፣ እንግሊዝ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከርመሃል? ደርቀህ እንደከረምክ ያለፈው እሁድ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲያው ለሥርዓቱ ነው የጠየቅኩህ።

እኔን አታውቀኝም። አጎቴን ግን የምትረሳቸው አይመስለኝም። ጋቢ ደርበው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ዳርህ ላይ ቆመው ቁልቁል ያዩህ ሽማግሌ ናቸው። ሊጠይቁኝ የመጡት ከጎጃም፣ ከሰከላ ነው። የዓባይ ምንጭ አጠገብ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ጋሼ፣ የእንግሊዝን ውሃ አሳይዎታለሁ» እያልኩ ጉራዬን ስነፋ ከረምኩ።

መጀመሪያ ወደ ጎረቤትህ፣ ወደ ቴምዝ ምንጭ ወሰድኳቸው። አንድ ዛፍ፣ አንድ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ፣ ትንሽ ጠጠር። ውሃ የለም። አጎቴ ድንጋዩን አንድ ጊዜ ዞሩት።

«ጠበሉ የታለ?»

«የሚፈሰው በክረምት ነው፣ ጋሼ።»

«ሐምሌ ገብቷል አይደል እንዴ? ከዚህ ወዲያ ምን ክረምት አለ?»

የፈረንጅ ክረምት ታኅሣሥ ላይ ነው ብዬ ላስረዳ ጀመርኩና ተውኩት። «ግድ የለም፣ ቦዩ አለ» አልኩ። በአንተ ተማምኜ ማለት ነው። መንገድ ላይ ታሪክህን በሰፊው ተረኩላቸው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1789 ተከፍቶ ሁለት ወንዞችን ያገናኘ፣ 46 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ፣ ጀልባ ሽቅብ የሚያወጡና ቁልቁል የሚያወርዱ 44 የውሃ በሮች ያሉት። ከኮረብታ ሥር 3,817 ያርድ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ በእጅ የተቆፈረ ዋሻ ያለው። ዋሻው ውስጥ ጀልባ ለሚጎትት ፈረስ መንገድ ስላልነበረ ጀልበኞቹ በጀርባቸው ተጋድመው ግድግዳውን በእግራቸው እየገፉ በጨለማ ያልፉ ነበር። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ሳይቀሩ ሥራውን ሊያዩ መጥተዋል። አጎቴ በጣም ተደነቁ። «ወንዶች ናቸው» አሉ።

ከዚያ ደረስን።

ሳማ በቅሎብሃል። ሣር በቅሎብሃል። ወገብህ ላይ ዛፍ ቆሟል። የዋሻው አፍ ግን አምድ በአምድ ሆኖ የቤተ መንግሥት በር ይመስላል። አጎቴ በሩን አዩ፣ አንተን አዩ፣ እኔን አዩ። «በሩስ ደህና ነው። ቤቱ የታለ?»

መልስ የለኝም። ቢያንስ ፎቶ ላንሳዎት ብዬ ወደ ሆድህ ወረድኩ። ማታውን ዘንቦ ኖሮ የግራ እግሬ እስከ ጉልበቴ ሰመጠ። ሳወጣው ባዶ ካልሲ ነው የወጣው። ውሻ ይዛ የምታልፍ ሴትዮ «ደህና ነህ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኩ። ውሻው አላመነኝም። በመጨረሻ የ74 ዓመት አዛውንት ከዘራቸውን ዘርግተው ጎትተው አወጡኝ። እኔ ነበርኩ እኮ እሳቸውን ላስጎበኝ የሄድኩት!

በዚህ አላበቃም። መኪና ውስጥ ገብተው ሰከላ ደወሉ፣ በስፒከር። «አዎ፣ ደህና ነን። ውሃ የሌለው ወንዝ አሳየኝ። ከዚያ ውሃ የሌለው ቦይ አሳየኝ። ነገ የት እንደሚወስደኝ እንጃ።» በዚያ በኩል ዘመድ አዝማድ ሲስቅ እስከ ቤቴ ድረስ አዳመጥኩ። በአንድ ጫማ እየነዳሁ።

የዚያን ሌሊት አልተኛሁም። ታሪክህን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ጌታዬ፣ አንተ ለካ የበላኸው የእኔን ጫማ ብቻ አይደለም።

በ1901 የግሎስተርሻየር ካውንስል፣ የአውራጃው ምክር ቤት ማለት ነው፣ ተረከበህ። የሕዝብ ገንዘብ ይዞ መጣ። ከላይ ኮረብታው ላይ የምታልፍበት አለት የተሰነጣጠቀ የኖራ ድንጋይ ነው፤ የፈሰሰበትን ይውጣል። ስለዚህ ሆድህን በተቦካ ሸክላ አፈር እንደገና ለሰኑህ። አንተ ምን አደረግክ? በፈረንጅ ክረምት ከሥርህ የሚፈነዳው ምንጭ ልስኑን ሽቅብ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በበጋ ደግሞ በዚያው ስንጥቅ ውሃህ ቁልቁል ይሰርጋል። ሲሞላም ያፈርሳል፣ ሲጎድልም ያፈስሳል። በእንፋሎት ሞተር ከቴምዝ ምንጭ አጠገብ ውሃ እየሳቡ ያጠጡህ ኖረዋል፤ እሱንም አልያዝክም። በ1904 ተከፈትክ ተብሎ ተወራ። ጭነት ይዛ ኮረብታውን የተሻገረችው የመጨረሻዋ ጀልባ በ1911 አለፈች። ሰባት ዓመት! የኔ ብጤው የቤት ግብር ከፋይ፣ ጀልባ የሌለው፣ ምናልባትም ጀልባ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው፣ ለቀዳዳህ እየከፈለ ነበር ማለት ነው።

ከካውንስሉ በፊት ደግሞ የጎረቤት ቦዮችና የአካባቢው ምክር ቤቶች ተሰባስበው በ1895 ባለአደራ ቦርድ አቁመውልህ ነበር። በ1899 ከፈቱህ፤ በወራት ውስጥ ውሃ አለቀብህና ዘጉህ። ኮሚቴ ነው፣ እናውቀዋለን።

በ1906 ደግሞ መንግሥት ስለ ቦዮች ሁሉ የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመ። ሦስት ዓመት ተሰብስቦ በ1909 ዋና ዋና ቦዮች ይስፉ አለ። ማንም አላሰፋም።

እስከዚህ በቀልድ ነው። አሁን ግን አንድ ነገር ልበልህ።

ከሁሉ በፊት በ1880ዎቹ ባለቤትህ ማን ነበር? ተፎካካሪ የባቡር ድርጅት ሐዲድ ሊዘረጋብህ ሲያስብ ግሬት ዌስተርን የባቡር ኩባንያ ቀደም ብሎ አብላጫውን አክሲዮንህን ያዘ። ጀልባ ሊነዳብህ አይደለም። ሌላ ሰው እንዳይጠቀምብህ ነው። መሬት ይዞ በቆርቆሮ አጥሮ የሚያስቀምጥ ሰው አይተን የለ? እንደዚያ። በ1893 ምሥራቃዊ ክፍልህ እንዲዘጋ አደረገ፤ ሕዝቡ ሲጮህ ደግሞ ቀዳዳውን ለሕዝቡ አስረከበ። ባቡሩ ትርፉን ይዞ ሄደ። ጥገናው፣ ሸክላው፣ ስብሰባው፣ ዕዳው የማን ሆነ? የግብር ከፋዩ። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። በየሚያዝያው ከካውንስል የሚመጣልኝን የቤት ግብር ደብዳቤ ሳይ አንተን ነው የማየው። ለምን ጨመረ ብዬ ስደውል «ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው» ይለኛል፣ ከዚያ ሙዚቃ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ። መስመሩ ሲቋረጥ እንደገና ከሀ። የማን ቀዳዳ እየደፈንኩ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ለአንተ ይከፍሉ የነበሩት ሰዎችም ያገኙ አይመስለኝም።

በ1927 አብዛኛው አካልህ በይፋ ተተወ፤ የቀረው በ1933። አሁን በምዕራብ በኩል በጎ ፈቃደኞች አካፋ ይዘው እያደሱህ ነው አሉ። በእነሱ ላይ ቃል የለኝም። ግን ወደ ኮረብታው ሲደርሱ አለቱን እንድትነግራቸው አደራ።

አጎቴ ማክሰኞ ሄዱ። ኤርፖርት ላይ ጉንጬን ሳሙና «አይዞህ፣ ውሃ ሲያምርህ ሰከላ ና» አሉኝ።

የጫማዬን ነገር ግን አልተውኩትም። የግራ እግር ነው፣ ቡናማ፣ 43 ቁጥር። ከዋሻው በር ሃያ እርምጃ ያህል ወዲህ፣ ሳማው ከሚያልቅበት ላይ ነው ያለው። ከመቶ ዓመት በላይ ውሃ መያዝ አቅቶህ ጫማዬን ግን ጥርቅም አድርገህ ይዘሃል። የሚሞላ ፎርም ካለ ላክልኝ። ወረፋውን ለምጄዋለሁ።