ፍርዱን ተዉት፣ ቀጠሮውን ጠይቁ

ድሬ ውስጥ ክርክር ያለበት ሰው በፌስታሉ ይታወቃል። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ። እሱ ውስጥ የውሳኔ ግልባጭ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ጠርዙ የተበላ የድሮ ካርታ። ጎረቤቴ እትዬ ይህን ይዘው ነው አዲስ አበባ የሚመላለሱት። የውርስ ቤት ጉዳይ ነው። መጨረሻ የሄዱ ጊዜ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ባጃጅ የጠራሁላቸው እኔ ነኝ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ እንዴት ሆነ?»

«ተወኝ አቦ። ዳኞቹ አልተሟሉም ተባለ። ለሦስት ወር ተቀጠረ።»

አንድ ቀን ለመሄድ፣ አንድ ቀን ለመመለስ፣ መሃል ላይ አምስት ደቂቃ። የችሎቱን ስም አልጠራም። እትዬ ከሰው ጋር መቀያየም አይፈልጉም፣ የእኔም ነገር ከአንድ ችሎት ጋር አይደለም።

ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። ስለዚህ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃና ከፍተኛ ፍርድ ቤት እዚሁ አሉን። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱና ሰበር ሰሚው፣ ማለትም የመጨረሻ ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት ሲባል የሚያየው ችሎት፣ ግን አዲስ አበባ ናቸው፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ። ሰበር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሰበር ሕጉን የተረጎመበት መንገድ በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ሁሉ ያስገድዳል። እዚያ የተባለው ነገር ዞሮ ዞሮ የድሬ ሰፈሮች ድረስ፣ ከዚራም መጋላም ይደርሳል።

ታዲያ ይህን ፍርድ ቤት ማን ይጠይቀው? ሰፈር ውስጥ ይህን ሳነሳ ብዙ ሰው «ዳኛ ነጻ ነው፣ አይጠየቅም» ይለኛል። ሕገ መንግሥቱ እንዲህ አይልም። ዳኛ ከሕግ በቀር በማንም አይመራም ይላል፣ እውነት ነው። ግን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዝዳንትና ምክትሉን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት የሚሾመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በጀቱን የሚያጸድቀው እሱ ነው። የሥራ ሪፖርቱን የሚሰማውም እሱ ነው። ዳኛን ማንሳት ሲያስፈልግ ነገሩ መጀመሪያ ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይቀርባል። ምክንያቱም የዲሲፕሊን ጥፋት፣ ጉልህ የሥራ ችሎታና ቅልጥፍና ማነስ ወይም ሕመም መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ያጸድቃል። ይህ ሁሉ ሥልጣን እጁ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን አይነካም፣ ፍርዱ። ይህን የምለው ያየነው ነገር ስላለ ነው። በ1993 ዓ.ም. ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በሙስና የተጠረጠሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ ተመልሰው ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ ፓርላማው በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕግ ማውጣት ሥራው ነው። የሰበር ትርጉም ካልተስማማው አዋጁን ለወደፊት አሻሽሎ መልስ መስጠት ይችላል፣ ትክክለኛው መንገድም እሱ ነው። ለአንድ ሰው ፋይል ተብሎ የሚወጣ ሕግ ግን ዳኛውን ያስፈራዋል። ዛሬም ድረስ ያ ፍርሃት ከየችሎቱ ሙሉ በሙሉ የወጣ አይመስለኝም።

አሜሪካኖች ይህን ቀድመው ተምረውታል። ሳሙኤል ቼዝ የሚባል የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ችሎት ላይ ለፖለቲካ ወገኑ ያደላል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1804 በምክር ቤት ተከሰሰ። በዓመቱ ሴኔቱ ነጻ አወጣው። ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ የተከሰሰ የዚያ ፍርድ ቤት ዳኛ የለም። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ሌላውን ጎን አሳይታናለች። ምክትል ዋና ዳኛዋ ናንሲ ባራዛ አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ከአንዲት የጥበቃ ሠራተኛ ጋር ተጣሉ። ነገሩ ተጣርቶ ከሥልጣን ይነሱ ተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራቸውን ለቀቁ። የሰጡት ፍርድ አልተነሳም። ፍተሻ በር ላይ የቆመች ሴት አቤቱታ ግን ተሰማ። እኔ እዚህ ማየት የምፈልገው ይህን ነው።

የእኛ ፓርላማ ሪፖርት ሲሰማ ምን ይጠይቃል? ብዙ ጊዜ የምንሰማው «ስንት መዝገብ ተከፈተ፣ ስንት ተዘጋ» ነው። እትዬ በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። ከሦስት ዓመት በላይ የቆየው መዝገብ ስንት ነው? ከክፍለ ሀገር የመጣ ባለጉዳይ በአማካይ ስንቴ ይመላለሳል? በፕላዝማ የሚሰማ ክርክር ለድሬ ሰው ለምን አይለመድም? ተዘዋዋሪ ችሎት ስንቴ ወደዚህ መጣ? በጀት የሚያጸድቅ ሰው ይህን ሳይሰማ እጁን ባያወጣ ደስ ይለኛል።

ሹመትም አለ። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011፣ አቶ ቴዎድሮስ ምሕረት በ2015 በዚሁ ምክር ቤት ፕሬዝዳንት ሆነው ተሹመዋል። የወደፊት እጩ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ቋሚ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ፣ ሕዝብ እያየው ቢጠየቅ ምን ይጎዳል? ኬንያ ውስጥ ዋና ዳኛ ለመሆን የሚወዳደር ሰው ሲጠየቅ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን ያያል።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። የሰበር ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚል ሰው አቤት የሚለው ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ጉባኤው 11 አባላት አሉት። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢሆንም፣ የጉባኤው ሰብሳቢ ራሱ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ነው፣ ምክትሉም ምክትል ሰብሳቢ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 82 ላይ ተጽፏል። ሰዎቹን አልጠረጥርም። ግን ለአንድ ባለጉዳይ «ወደ ተከራከርክበት ቤት ባለቤት ሂድና አቤት በል» እንደ ማለት ነው። ይህን በግልጽ ለመወያየት የሚደፍር የምክር ቤት አባል እፈልጋለሁ።

ድሬ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ሁለት ወንበር አላት። ሁለት ብቻ፣ ግን ለመጠየቅ አንድም ይበቃል። በእረፍታቸው ሲመጡ ቀፊራ ገበያ ወጥተው ፌስታል የያዘ ሰው ያነጋግሩ፣ አያጡም። የእትዬ ቀጠሮ ከጥምቀት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሪፖርት ከቀረበ ይህችን ጥያቄ ይያዙልን፦ በዚህ ዓመት ዳኞች ስላልተሟሉ ብቻ የተቀጠረው መዝገብ ስንት ነው?