ለግማሽ ዓመት ደጋፊ የቀረበ ምስጋና

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ደገኛው ገብስ ያመርታል፣ ይመሰገናል፤ መንዜው በግ ያረባል፣ ይመሰገናል። ከነሐሴ እስከ ጥር ለተገፋ ክለብ ሲል ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚጮኸውን የደብረ ብርሃን ኳስ ተመልካች ግን እስካሁን "እግዜር ይስጥልን" ያለው የለም። ይህ ነውር ነው።

ሰውዬው ባላባት አይወድም። ሊጉ ሲከፈት ዲኤስቲቪ ቤቱ አግዳሚ ላይ ይቀመጥና "ሲቲ ሰለቸን! ባየርን ሰለቸን! ሪያልና ባርሳ እንደ አባት ርስት የሚቀባበሉት ዋንጫ ምኑ ዋንጫ ነው?" ይላል። አልተሳሳተም። ባየርን ሙኒክ በእኛ አቆጣጠር እስከ 2015 ድረስ የጀርመንን ሊግ 11 ጊዜ በተከታታይ ወስዷል። ማንቸስተር ሲቲም ከ2013 እስከ 2016 ለአራት ዓመት ዋንጫውን ለማንም አላስነካም። ስፔን ደግሞ ከቫሌንሲያ የ1996 ድል ወዲህ ሁለቱን ኃያላን የደፈረ አትሌቲኮ ማድሪድ ብቻ ነው፤ እሱም በ2006 እና በ2013። እንዲህ ያለ ግፍ እያየ ዝም የማይል ጀግና በመካከላችን በመኖሩ ልንኮራ ይገባናል።

ጀግናችን ታዲያ ነሐሴ ላይ ከተገፉት አንዱን መርጦ በጉዲፈቻ ያሳድጋል። ክለቡ ሦስት ጨዋታ ካሸነፈ "እኛ" ይሆናል፤ "ትናንት እኮ መሀል ሜዳውን ዘጋንባቸው" ይባላል። ሁለቴ ከተሸነፈ "እነሱ" ይሆናል፤ "ድሮም ተጠባባቂ ወንበራቸው ባዶ ነው" ይባላል። ከ"እኛ" ወደ "እነሱ" ያለው መንገድ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና እንደሚወርደው ቁልቁለት ነው፤ ነዳጅ አይጠይቅም።

የብርዱንም ውለታ መርሳት አይገባም። ደብረ ብርሃን ላይ ማልያ የሚለበሰው ከጋቢ በታች ነው። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ማሳየት የሚመጣው ጎል ሲገባ ነው፤ ጎል ሲቆጠርበት ተከናንቦ ዝም ነው። በእረፍት ሰዓት ሽንት ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው ከጋቢው ሥር የማንን ማልያ እንደለበሰ የሚያውቀው እሱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው። ሸዋ ሮቢት ይህ ብልሃት ከቶ አይሞከርም፤ በዚያ ሙቀት ሰው በአንድ ማልያ ተጋልጦ ተቀምጦ፣ ሲሸነፍም እዚያው ላብ በላብ ሆኖ ይሸነፋል። ያሳዝናሉ። (ማልያው ከመርካቶ የመጣ ኮፒ ስለሆነ ክለቡ ከዚህ ሁሉ ፍቅር ሳንቲም አያገኝም። በገንዘብ በኩል ሰውዬው ፍጹም ገለልተኛ ነው።)

የአገልግሎት ዘመኑ ሲወሳ የ2008ቱ ሌስተር ሲቲ ይቀድማል። በእንግሊዝ አቋማሪ ቤቶች ሌስተር ዋንጫ ያነሳል ላለ ሰው ለአንድ ፓውንድ አምስት ሺህ ይከፈል ነበር። በዚያ ሰሞን የእኛ ሰው የሌስተርን ስም አልሰማም ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ ቡድኑ አናት ላይ ሲወጣ ግን "እኔ እኮ ከመጀመሪያው ብያለሁ" አለ። ለማን እንዳለ አይጠየቅም። ከዚያ ሚያዝያ 24 መጣ፤ የፋሲካ ማግስት፣ የዶሮ ወጡ ድስት ገና ያልታጠበበት ሰኞ። ተከታዩ ቶተንሃም ከቼልሲ 2 ለ 2 ሲለያይ ሌስተር ቻምፒዮን ሆነ። የሌስተር ተጫዋቾች ያን ምሽት ሜዳ አልገቡም፤ አጥቂው ቫርዲ ቤት ተሰብስበው ጨዋታውን በቴሌቪዥን ነበር ያዩት። የእኛም ሰው በቴሌቪዥን ነበር ያየው። ስለዚህ ለዋንጫው ያበረከተው ድርሻ በዚያች ሌሊት ከቫርዲ ያነሰ አልነበረም፤ ይህን ሐቅ የሚያስተባብል ካለ ይምጣ።

በዚያው ክረምት ቼልሲ አማካዩን ካንቴን ከሌስተር ገዛ። ባላባት ጎረምሳ ሲነሳበት የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ በሜዳ ያቃተውን በቼክ ይጨርሳል። ዶርትሙንድ በባየርን ላይ ሲበረታም ጎትዘንና ሌቫንዶቭስኪን ባየርን ተራ በተራ ወስዷቸዋል። ተፎካካሪ ክለብ ዋንጫ ባነሳ ማግስት መጋዘኑ ይራቆታል። አሰልጣኝ ራኒዬሪም ዋንጫውን ካነሱ ዓመት ሳይሞላቸው፣ በ2009 የካቲት ተሰናበቱ። የእኛ ሰው ያን ጊዜ የት ነበር? ቼልሲ! "ካንቴን ተከትዬ ነው፣ ለተጫዋቹ ባለኝ ፍቅር" አለ፤ ቼልሲም በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነና ፍቅሩ በዋንጫ ታጀበ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ባላባቱ ካንቴን ለመውሰድ በሚሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ ከፍሏል፤ የእኛን ሰው ግን በነፃ ነው ያገኘው። ወኪል የለው፣ ኮሚሽን የለው፣ የጤና ምርመራ የለው። በዝውውር ገበያ ታሪክ እንዲህ ያለ ርካሽ ግዢ አላየሁም።

ሌስተር በ2015 ከሊጉ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ፣ በ2017 ደግሞ ወረደ። አንድ ልጅ በቀደም ሰውዬውን "ጋሼ፣ ያ ሌስተርዎ ምን ደረሰ?" ብሎ ቢጠይቀው "የቱ ሌስተር?" አለ። ይቅር ባይ ልብ ነው፤ የሞተን አይወቅስም።

በ2016 ደግሞ ሥራ በዛበት። ስፔን ጂሮና ከሪያል ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲጋፋ "የምስኪኖች ልጅ!" እያለ አለቀሰ። ምስኪኑ ልጅ የማንቸስተር ሲቲ ባለቤቶች ድርሻ ያላቸው ክለብ መሆኑን የነገረው የለም፤ ቢነግሩትም እንባውን ባልመለሰ። ጂሮና በ81 ነጥብ ሦስተኛ ወጣ፤ በዓመቱ 16ኛ ሆኖ ከመውረድ ለጥቂት ተረፈ። 16ኛ የሆነ ምስኪን ግን ለእንባ አይበቃም። ጀርመን ላይ የአሰልጣኝ ዣቢ አሎንሶ ሌቨርኩሰን ባየርንን ከዙፋኑ አወረደ፤ በ34 ጨዋታ 28 አሸንፎ፣ 6 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ። እኔ እንኳ ያን ዓመት ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። የእኛ ሰው ደስታ ግን እስከ ግንቦት 14 ነበር። በዚያ ምሽት ሌቨርኩሰን በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ በአታላንታ 3 ለ 0 ሲሸነፍ፣ ሁለተኛው ጎል ላይ ተከናነበ፤ ሦስተኛው ላይ ጋቢውን ሲገልጥ የአታላንታ አገር የቤርጋሞ ተወላጅ ሆኖ አገኘነው። "ጣሊያን ላይ አታላንታ የሚባል የድሃ ቡድን አለ፣ ተከታተሉት" አለን። ተከታተልነው። እሱ ግን በቀጣዩ ዓመት አሎንሶ ወደ ሪያል፣ ኮከቡ ቪርትስ ወደ ሊቨርፑል ሲሄዱ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለመከተል ሲሞክር ቅዳሜና እሁዱ ተጣበበበት።

የአገር ቤቱ ሊግ ላይ ሲመጣ ይህ ሁሉ ርኅራኄ የት እንደሚገባ እንጃ። "ማን ወሰደ?" ሲሉት "ጊዮርጊስ ነዋ" ይላል፤ ሳያይ፣ ከልማድ። ከተሳሳተ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለማይሳሳት ነው። ሊጉን ያወዛወዙት ግን ነበሩ። ቡና በ2003፣ ደደቢት በ2005፣ ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ ፋሲል ከነማ በ2013። ደደቢት በ2011 ወረደ፤ አባ ጅፋርም ዋንጫ ባነሳ በአራተኛው ዓመት ወረደ። በ2016 ንግድ ባንክ ሲያነሳ፣ በ2017 ኢትዮጵያ መድን ሲቀበለው፣ የሰውዬው አስተያየት "ዋንጫው ከባንክ ወጥቶ ኢንሹራንስ ተገባለት" የምትል ቀልድ ብቻ ነበረች። ቀልዷ ጥሩ ናት፣ አልክድም። ግን መድን እንደ ሌስተር ሁሉ ከታችኛው ሊግ ተመልሶ ባላባቶቹን ያስከነዳ ቡድን ነው፤ የሚያለቅስለት አጣ። ምናልባት በማልያው ቀለም ሊሆን ይችላል፣ ምናልባትም ስሙ በፈረንጅ ተንታኝ አፍ ተጠርቶ አያውቅም።

ባለፈው እሁድ ይኸው ልጅ፣ የሌስተሩ ጠያቂ፣ ከጠባሴ ወደ ሜዳ እየወረደ አገኘው።

"ጋሼ፣ የከተማችን ልጆች ይጫወታሉ፣ አብረን አንሄድም?"

"ብርዱን አታየውም?"

"ጋቢ ለብሰዋል እኮ።"

"እሱስ ልክ ነህ።" ቆም ብሎ አሰበ። "ለመሆኑ ስንተኛ ናቸው?"