የቻይና ቁም ጽሕፈት፦ ጀማሪ በብሩሽ ይጀምር ወይስ በብዕር?

ከብሩሽ ወገን፦ ጀማሪን በብዕር ማስጀመር አቋራጭ ይመስላል እንጂ ዞሮ ዞሮ ያዘገያል። የቻይና ፊደል መልኩን ያገኘው ከብሩሽ ጠጉር ነው። «ዮንግ»ን ይውሰዱ፤ ትርጉሙ «ዘላለም» ነው፣ ስምንቱ መሠረታዊ ጭረቶች ይገኙበታል። አግድሙ ጭረት ወደ ቀኝ የሚሄድ ቢሆንም የብሩሹ ጫፍ መጀመሪያ ጥቂት ወደ ግራ ይገፋል፤ ከዚያ ተጭኖ ይዞራል፣ መሐል ላይ ላላ ብሎ ይጎተታል፣ መጨረሻው ላይ እንደገና ተጭኖ በራሱ ላይ ይመለሳል። ራሱና ጅራቱ የሚወፍሩት ለዚህ ነው። ብዕር የያዘ ተማሪ ውፍረቱን ያያል እንጂ ከየት እንደመጣ አያውቅም።

ከብዕር ወገን፦ ያሉት ልክ ነው፤ የምንለያየው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ጀማሪው ያን ሁሉ እንቅስቃሴ ሳይለምድ ከወረቀቱ ጋር ግብግብ ይገጥማል። ሹዋን የተባለው የቻይና ቁም ጽሕፈት ወረቀት ጥሬውን ከሆነ ቀለም ይጠጣል፤ እጅ ለአፍታ ካመነታ ጭረቱ ያብጥና ከጎረቤቱ ይላተማል። በዚህ መሐል የፊደሉን አወቃቀር ማን ያስታውሳል? በመስቀልና በሰያፍ መስመር በተከፋፈለ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ሣጥን ውስጥ በብዕር ሲጻፍ ግን የግራው ክፍል ምን ያህል እንደጠበበ፣ ቋሚው ከመሐል መስመር ምን ያህል እንደሸሸ ወዲያው ይታያል። ደግሞስ ዝነኛው የቻይና ቁም ጸሐፊ ዋንግ ሺዢ እ.ኤ.አ. በ353 የላንቲንግን መቅድም (ለግጥሞች ስብስብ የጻፈውን መግቢያ) ሲጽፍ ብሩሽ የዕለት መጻፊያው ነበር። የዛሬው የዕለት መጻፊያ ብዕር ነው።

ከብሩሽ ወገን፦ መቅድሙ ለእኔ ይመሰክርልኛል! በ324ቱ ፊደላት ውስጥ «ዢ» የምትባለው ፊደል 20 ጊዜ ያህል ትመላለሳለች፤ መልኳ ግን በብሩሹ እንቅስቃሴ ይለዋወጣል። ወረቀቱን በተመለከተ ጥፋቱ የምርጫ ነው፤ ሙጫና አሉም (የማዕድን ጨው) የተቀባውን ቢገዙ ቀለም አይሰራጭም። ብሩሹም ለስላሳና ጠንካራ ጠጉር የተደባለቀበት ይሁን። የፍየል ጠጉር ብቻውን ከሆነ ከተጫኑት በኋላ ቶሎ ቀጥ አይልም። አዲሱን ብሩሽ ለብ ባለ ውሃ መንከር ነው፤ ውሃው ትኩስ ከሆነ የሥሩ ሙጫ ላልቶ ጠጉሩ ይረግፋል። ከሥራ በኋላም ታጥቦ፣ ጫፉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይድረቅ። ብዕር የለመደ እጅ ግን ብሩሹን ያጋድመዋል። ያን ጊዜ ጫፉ ወደ አንድ ዳር ይሄድና የጭረቱ አንድ ጎን ልሙጥ፣ ሌላው የተሸረፈ ይሆናል።

ከብዕር ወገን፦ ያጋደለ እጅ በቋሚ ጭረት ልምምድ ይቃናል፤ የተዛባ አወቃቀር ግን ከእጅ ቶሎ አይወጣም። ብቻ የብሩሽዎን ቀለም ለብዕሬ አያውሱኝ፤ በቀለሙ ያሉት ጥላሸትና ሙጫ ብዕሩ ውስጥ ደርቀው የቀለሙን መንገድ ይደፍኑታል።