ይድረስ ለወይዘሮ ቅማል፤ ባሉበት አናት

ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ያለ ውል የያዙትን ቦታ ስለመልቀቅ

ወይዘሮ ቅማል፣

የቀበሌ መታወቂያ ሳይኖርዎት፣ ውል ሳይፈርሙ፣ ኪራይ ሳይከፍሉ በልጆቻችን አናት ላይ ተደላድለው፣ በቀን ደጋግመው ደማቸውን እየመጠጡ እንደሚኖሩ ደርሰንበታል። ከሰፈነ ሰላም እስከ ሹም አቦ ስንት ቤት እንደገቡ ለመቁጠር አስበን ነበር፤ የተጠየቀው ሁሉ «እኛ ጋ የለም» ስለሚል ተውነው። ዋናው ጠበቃዎ ይኸው ሐፍረታችን ነው። እናት ለጎረቤቷ ሳትነግር የራሷን ልጅ ብቻ ታጸዳለች፤ በሳምንቱ ልጆቹ አብረው ሲጫወቱ እርስዎ ተመልሰው ይመጣሉ። የታጠበ ፀጉር ይሁን ያልታጠበ ለእርስዎ አንድ ነው፤ አድልዎ የማያውቅ አሠራርዎን ሳናደንቅ አናልፍም።

መንገድዎንም አጥንተናል። ክንፍ የለዎትም፤ እንደ ቁንጫ አይዘሉም። ያለዎት መንጠቆ ያላቸው ስድስት እግሮች ናቸው፤ በእነሱ ከፀጉር ወደ ፀጉር ይሸጋገራሉ። ስለዚህ ሰው የባጃጁን መቀመጫ ሲያማ በሆድዎ ይስቃሉ። ሦስት ልጆች አናት ለአናት ገጥመው አንድ ስልክ ላይ ሲያጎነብሱ፣ እኅትማማቾች አንድ ትራስ ላይ ሲያድሩ ግን ድልድዩ ተዘርግቶልዎታል።

አለመቸኮልዎም ይገርመናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡበት ልጅ ማከክ እስኪጀምር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። የሚያሳክከው ምራቅዎ ነው፤ ቆዳም ምራቅዎን እስኪጠላ ጊዜ ይወስድበታል። እናት «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታኪው?» ብላ ስትደነግጥ እርስዎ የልጅ ልጅ አይተዋል።

ስለ ቅጫም እንነጋገር፤ ሀብትዎ እዚያ ነውና። በቀን እስከ 8 ይጥላሉ። እያንዳንዷን ከራስ ቆዳ 6 ሚሊ ሜትር በማይርቅ ቦታ፣ ሙቀት እንዳይጎድልባት፣ በሙጫ ከፀጉሩ ጋር ያጣብቋታል። ከ7 እስከ 9 ቀን ባለው ጊዜ ትፈለፈላለች፤ የተፈለፈለችውም ከ9 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ አድጋ ራሷ መጣል ትጀምራለች። ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት በላይ ያለውን ሰፈር ከሁሉ አብልጠው ይወዳሉ። «ፎረፎር ነው» ብለው የሚከራከሩልዎ ዘመዶችም አሉን። ፎረፎር በጣት ሲነኩት ይረግፋል፤ ቅጫም ንቅንቅ አትልም። ፀጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ከቆዳው ርቃ የምትታየው ነጭ ቅጫም አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ቅርፊት ናት። የምታሰጋን ከሥር የተለጠፈችው፣ ቡናማዋ፣ ከፀጉሩ ጋር የምትመሳሰለዋ ናት። እርስዎን ገድሎ እሷን የተወ ሰው ምን እንደሚገጥመው የጣናን እምቦጭ ያየ ያውቀዋል፤ ሕዝብ ወጥቶ በእጁ እየነቀለ ከዳር ከመረው፣ ጭቃ ውስጥ የቀረው ዘር ግን መልሶ በቀለ።

አሁን ባለውለታዎችዎን እናመስግን። አንዷ ነጭ ጋዝ ናት። የልጅን ራስ ታቃጥላለች፣ ትነቷ ሳንባ ይጎዳል፣ እዚያው አጠገብ ደግሞ የቡናው ከሰል ተያይዟል፤ የቀረውን መጻፍ አያስፈልግም። ፍሊትና የእህል መድኃኒትም ያው ናቸው፤ በቆዳ ዘልቀው የሚመርዙት ልጁን ነው። ቅቤ የዋህ ናት፤ ለጥቂት ሰዓት ታደነዝዝዎታለች፣ ቤተሰቡም «አለቁ» ብሎ ደስ ይለዋል፣ ማታ ነቅተው ሥራ ይጀምራሉ። አቼቶ የቅጫምን ሙጫ ያሟሟል ይባላል። ሙጫዎ ግን እንደ ፀጉሩ ከፕሮቲን የተሠራ ነው፤ እሱን የሚያቀልጥ ነገር ፀጉሩንም አይምርም። ጣና ወስደው የሚነክሩም አልታጡም። እርስዎ መተንፈሻዎን ዘግተው፣ ፀጉሩን ጨብጠው ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ይቆያሉ፤ ልጁ ግን ቢልሃርዝያ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ምላጭ ይሠራል፤ የሚጨብጡት ፀጉር ከሌለ መኖሪያ የለዎትም። ወንዱን ልጅ በማሽን ዜሮ ማድረግ ቀላል ነው፣ ቁንጮ ካልተዉለት። ሴቷን ልጅ ለእርስዎ ሲባል መላጨት ግን ከሚገባዎ በላይ ማክበር ይመስለናል።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት እንገናኛለን። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ይታያል፤ በሕይወት ያለ ቅማል የተገኘበትና አብሮት የሚተኛው ይታከማል። መድኃኒት ቤት ሄደን «ፐርሜትሪን 1 በመቶ» የሚለውን እንገዛለን። 5 በመቶው ለእከክ የሚታዘዝ ስለሆነ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ሳይነበብ አይወጣም። ፀጉሩ መጀመሪያ በሻምፖ ብቻ ይታጠባል፤ ከመድኃኒቱ በፊት ኮንዲሽነር አይነካውም፤ ቅቤ ካለበት ሁለት ጊዜ ይታጠባል። መድኃኒቱን ሊያከሽፉ ከሚችሉት አንዱ ይኸው ነው፤ ቅቤው ሸፍኖዎት መድኃኒቱ ከላይ ከላይ ይፈሳል። ከዚያ በፎጣ ተጨምቆ እርጥብ ብቻ ሲሆን፣ ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት ጀምሮ ሥሩ እስኪርስ ይቀባል። 10 ደቂቃ በሰዓት ተይዞ፣ ዓይን በደረቅ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሳፋ ላይ ተደፍቶ ለብ ባለ ውሃ ይለቀለቃል። ለአንድ ሁለት ቀን ሻምፖ የለም፤ ፀጉሩ ላይ የሚቀረው መድኃኒት አዲስ ተፈልፋዮችን ይጠብቃል። ለነፍሰ ጡርና ለጨቅላ ግን ጤና ባለሙያ ሳይጠየቅ አይቀባም።

ከ8 እስከ 12 ሰዓት ቆይተን እናያለን። እየተጎተቱ ከሆነ ተሳክቷል፤ ያን ቀን ድጋሚ አንቀባም፣ በሚዶ እንለቅምዎታለን። እንደ ድሮው የሚራወጡ ከሆነ መድኃኒቱን ለምደውታል ማለት ነው፤ ያንኑ ደጋግሞ ማፍሰስ ትርፉ የልጅ ቆዳ መላጥ ስለሆነ ባለሙያ ሌላ ይመርጥልናል።

መድኃኒቱ እርስዎን እንጂ ያልተፈለፈለች ቅጫምን አይገድልም። ስለዚህ ቅዳሜን 1 ብለን ቆጥረን በ9ኛው ቀን፣ እሑድ፣ እንደግመዋለን። ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ማሳከኩ ሲታገስ ጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ ይረሳል፣ የተፈለፈሉት ልጆችዎም ያለ ጠላት ያድጋሉ።

ከመድኃኒቱ ይልቅ ግን ሚዶውን ቢፈሩ ይሻልዎታል። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለና ረጅም የብረት ሚዶ ነው፤ የፕላስቲኩ ጥርስ እየተጣመመ ቅጫምን ያሳልፋል። ልጅቷ ደጅ፣ ብርሃን ባለበት፣ ዱካ ላይ ትቀመጣለች፤ ትከሻዋ ላይ ነጭ ፎጣ ይነጠፋል። ከርዳዳ ፀጉር ላይ በደረቁ በዚያ ሚዶ መግባት ማስለቀስ ብቻ ነው። ፀጉሩ ይረጥባል፣ ኮንዲሽነር እስኪያንሸራትት ድረስ ይፈስበታል፣ ከሌለ የምግብ ዘይትም ያገለግላል። መጀመሪያ በሰፊው ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ላይ ይፈታታል። ከዚያ በአራት ይከፈልና ከሚዶው ስፋት በማይበልጥ ዘለላ ዘለላ፣ ጥርሱ የራስ ቆዳ ነክቶ ሳይነሳ እስከ ጫፍ ይሳባል። በተሳበ ቁጥር ሚዶው ነጭ ሶፍት ላይ ይጠረጋል፤ እርስዎም እዚያ ላይ እግርዎን ሲያወናጭፉ እናይዎታለን። አያቶች በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መካከል «ጧ» ካላደረጉዎት አይረኩም፤ እኛ የሳሙና ውሃ ውስጥ ብንጥልዎትም ይበቃናል። ሙሉ ራስ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ሚዶ የማያወልቃት ቅጫም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጥፍር ተይዛ ትሳባለች፤ እምቢ ካለች ያቺው አንዷ ፀጉር ትቆረጣለች።

መድኃኒት ለሌለው ቤት ሚዶው ብቻውን ይበቃል፣ ቀን ከተከበረ። ቅዳሜ፣ ረቡዕ፣ እሑድ፣ ሐሙስ፤ ማለትም በ1ኛው፣ በ5ኛው፣ በ9ኛውና በ13ኛው ቀን። አዲስ የተፈለፈለችው አድጋ መጣል ከመቻሏ በፊት ሚዶ ያገኛታል። በ17ኛው ቀን፣ ሰኞ፣ የመጨረሻ ፍተሻ ይደረጋል፤ አንዲት ሕያው ከተገኘች ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል።

ቤቱን ለማጠንና ፍራሽ ጎትተን ወገባችንን ለመቅጨት አንደክምም። ከአናት ከወረዱ ደም ስለማያገኙ ከ1 እስከ 2 ቀን ውስጥ ያልቅልዎታል። ባለፉት 2 ቀናት የተጠቀምንበት የትራስ ልብስ፣ ሻሽና ኮፍያ ከ54 ዲግሪ በላይ በሆነ ውሃ ይታጠባል። እኛ ጋ፣ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ለእርስዎ ከበቂ በላይ ነው።

ሹሩባን በተመለከተ፦ ጥብቅ ብሎ ተሠርቶ ሦስት ሳምንት ሳይፈታ የሚቆይ ሹሩባ ከቅጫም እስከ እናትነት ላለው ዕድሜዎ ይበቃል፤ የግል ግቢ ከነአጥሩ ሰጥተንዎት ነበር። ከእንግዲህ ሚዶ ሳይጨርስ ሹሩባ የለም። ለእንቁጣጣሽ መሠራት ያለባት ልጅ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነሐሴ 18 ሚዶ ከጀመረች 17ኛው ቀን ጳጉሜን 4 ይውላል፤ በማግስቱ ትሠራለች።

በመጨረሻም ዘመድዎን የልብስ ቅማልን ሳንጠቅስ አናልፍም። ተስቦና ግርሻ የሚያስተላልፈው እሱ ነው፤ በልብስ ስፌት ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር የእሱ ጉዳይ በፈላ ውሃና በካውያ ይታያል። ትኩሳት ያለበት ሰው ልብስ ላይ ከተገኘ ግን ነገሩ የሚዶ ሳይሆን የጤና ጣቢያ ነው። እርስዎ በዚህ ወንጀል ስለማይታወቁ ከክሱ ነጻ ነዎት፤ ቦታውን ግን ይለቃሉ።

የአናቱ ባለቤቶች

ግልባጭ፦
ለቅጫም፤ ከጆሮ ጀርባ
ለሰፈራችን ሹሩባ ሠሪ፤ ከአንዷ ደንበኛ ወደ ሌላዋ ከማለፏ በፊት ሚዶዋን ትኩስ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ እንድትነክር
ለክፍሉ መምህር፤ ልጅቷን ከክፍል ሳያስወጡ፣ ስሟንም ሳይጠሩ፣ ለክፍሉ ወላጆች በሙሉ ቅዳሜ ሚዶ እንዲይዙ መልእክት እንዲልኩ