ከበሩ ወዲህ አማርኛ ብቻ? (ክርክር)

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ ውጭ አገር ለሚያድጉ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቤታቸው ውስጥ አማርኛ ብቻ ሊነገራቸው ይገባል።

ደጋፊ፦

ሰዓቱን ቆጥረን እንነሣ። ጠዋት 12፡30 የሚነቃ፣ ከ2፡00 እስከ 11፡00 የሕፃናት መዋያ የሚቆይ፣ ማታ 2፡00 የሚተኛ የሦስት ዓመት ልጅ በሥራ ቀን ከቤተሰቡ ጋር የሚያሳልፈው አራት ሰዓት ተኩል ነው፤ የመንገዱም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ከሰኞ እስከ ዓርብ 45 ሰዓት መዋያ፣ 22 ሰዓት ተኩል ከወላጅ ጋር። ይህችኑ ትንሽ ሰዓት ለሁለት ቋንቋ ካካፈልናት ልጁ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይመልስም። የቋንቋ ተመራማሪዋ አኒክ ደ ሃወር በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ደች በሚነገርበት የቤልጅየም ክፍል፣ በፍላንደርስ፣ 1,899 ቤተሰቦችን አይታለች። ሁለቱም ወላጆች ከደች ሌላ የሆነውን የራሳቸውን ቋንቋ ብቻ በሚናገሩበት ቤት ልጆቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቋንቋውን ይናገራሉ። አንዱ ወላጅ በዚያ ቋንቋ፣ ሌላው በደች በሚያናግርበት ቤት ግን ከአራቱ በአንዱ ገደማ አይናገሩትም። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ይሁን፤ ልጁ በሌላ ቋንቋ ሲጠይቅ በአማርኛ እስኪለው ድረስ እንዳልሰሙ ይሁኑ።

ተቃዋሚ፦

«እንዳልሰሙ ይሁኑ» የምትለዋን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳት። ቀኑን ሙሉ ራሱን ይዞ የዋለ ልጅ የሚፈነዳው 11፡00 ላይ ወላጁን ሲያይ ነው። ጫማውን አላወልቅም ብሎ በሩ ላይ ይዘረጋል፣ ያለቅሳል። ማን እንደገፋው፣ ምን እንደተቀማ የሚናገረው ነገሩ በደረሰበት ቋንቋ ነው። ያን ጊዜ እንዳልሰሙ መሆን ማለት «በዚህ አፍ ካዘንክ አትንገረኝ» ማለት ነው።

ደግሞስ ቤት የሚሰማው አማርኛ የቱ ነው? ና፣ ተው፣ ብላ፣ ልበስ፣ ቶሎ በል፣ ተኛ። ትእዛዝ ብቻ ሰምቶ ያደገ ልጅ «ትናንት ምን ሆነ?» ሲባል የሚመልስበት ግስ የለውም። ይኸው ልጅ መዋያ ገብቶ «ሽንቴ መጣ» ሲል የሚረዳው አጥቶ ሱሪው ላይ ይለቀዋል። መጀመሪያ የሚኖርበትን አገር ቋንቋ ይያዝ፤ አማርኛውን ከፍ ሲል ይማረዋል።

ደጋፊ፦

ከፍ ሲል! በየት በኩል? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጃኔት ወርከር እና ሪቻርድ ቲስ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ እንግሊዝኛ ብቻ በሚሰሙ ሕፃናት ላይ የተደረገ ነው። ከቀረቡላቸው ድምፆች መካከል እንደ ቀ ጉሮሮ ተይዞ የሚወጡ፣ እርስ በርስ የሚቀራረቡ ሁለት የካናዳ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ድምፆች ነበሩበት። ከ6 እስከ 8 ወር ያሉት ልዩነቱን ሲለዩ፣ ከ10 እስከ 12 ወር የደረሱት አብዛኞቹ አልለዩም። «አባባ መጣ» ለማለት «አባባ መታ» የሚል ልጅ የቸገረው ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ ጠ ጆሮው ላይ ተ ሆናበታለች። አንተና አንቺም እንደዚሁ ናቸው። ብቸኛ ወንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው «አንተ» ስለሆነ እናቱን «አንተ» ይላታል። የሚያርመው አንቺና አንተ ሲባባሉ የሚሰማቸው ሰዎች ቤት ውስጥ ሲኖሩ እንጂ በሰባት ዓመቱ የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ሲጀምር አይደለም።

የሽንቱ ነገር በአንድ ወረቀት ያልቃል። ውሃ፣ ሽንት፣ አመመኝ፣ ደከመኝ፣ ፈራሁ፣ እናቴ የሚሉትን አሥር ያህል ቃላት በተንከባካቢዎቹ ፊደል አነባበባቸውን ጽፎ፣ ትርጉማቸውን አጠገቡ አድርጎ መስጠት ነው።

ልጅ የማይወድ ሰው አስመስለው ስለሣሉኝ ግን አዝኛለሁ። ያለቀሰውን ልጅ አቅፈው ይስሙት፤ የተናገረውንም በአማርኛ መልሰው ይበሉለት፦ «ገፋህ? መኪናውን ቀማህ?»

ተቃዋሚ፦

አሁን «መልሰው ይበሉለት» ሆነ። ይህ ሌላ ሕግ ነው፤ የፊተኛውን አንሥተው ይህን ቢተኩ እኔም አብሬ እፈርም ነበር። እርስዎ ግን አላነሡትም፤ ወላጁም የሚይዘው ያንኑ «እንዳልሰሙ ይሁኑ»ን ነው።

ሁለተኛ ልጅ ያለበት ቤትስ? ታላቅየው ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ያንን ቋንቋ ይዞ ይመጣል፣ ከታናሹ ጋር የሚጫወተውም በእሱ ነው። ወላጁ ጓዳ ሆኖ «በአማርኛ!» እያለ ቢጮህ ጨዋታውን ያቋርጠዋል እንጂ አማርኛ አያደርገውም። ወላጁ ራሱ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ካመሸ ደግሞ አራት ሰዓት ተኩል የተባለው በሙሉ ዝምታ ነው። ዝምታን በየትኛው ቋንቋ እንቁጠረው?

ደጋፊ፦

ስለ ስልኩ ልክ ነዎት። ለልጁም ስልክ ሰጥቶ የአማርኛ መዝሙር መክፈት አይተካም። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው የፓትሪሺያ ኩል ሙከራ ላይ የዘጠኝ ወር ሕፃናት የቻይንኛን ድምፅ የለዩት ሰው ፊታቸው ተቀምጦ በ12 ክፍለ ጊዜ ሲያጫውታቸው ነው፤ ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ምንም አልያዙም።

እንግዲያው ገላ መታጠቢያውን ይያዙ። ሃያ ደቂቃ ነው፣ እጅ እርጥብ ስለሆነ ስልክ አይነካም። «ውሃው ሞቀ? ጽዋው ሰጠመ፣ ለምን ሰጠመ? ትናንት ተንሳፎ አልነበር?» እያሉ ያጫውቱት። የትእዛዙን አማርኛ የሚያሰፋው እንዲህ ያለው ወሬ ነው፤ ያለፈውም፣ ለምኑም፣ ጥያቄውም እዚያ ውስጥ አለ።

ተቃዋሚ፦

በገላ መታጠቢያው ተስማምቻለሁ። ልጁ እዚያው ውሃ ውስጥ ሆኖ በሌላ ቋንቋ «ሰጠመ» ቢልስ? እንዳልሰሙ ይሆናሉ ወይስ «አዎ፣ ሰጠመ» ይሉታል? መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር፤ እስካሁን አልመለሱልኝም።